ማንም ያላመሰገነባቸው 28 ቀናት



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሶለዋትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬውን የጁምዓ ማስታወሻ የምጽፈው ዕዳ ስላለብኝ ነው። የገንዘብ ዕዳ አይደለም፤ የቃል ዕዳ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጁምዓ፣ ሶላት አልቆ ሰዉ ጫማውን እየፈለገ ሲበተን፣ አንዲት እህት በሴቶች በር በኩል ቆማ ጠበቀችኝ። ሕፃን ይዛለች። እንደ ሌሎቹ እናቶች ግን አላዘለቻትም፤ በደረቷ አቅፋታለች። የማታዝልበት ምክንያት የገባኝ ስትናገር ነው።

«ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለችኝ። «ልጄ ወገቧ ላይ ክፍት ሆኖ ተወለደች። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና አድርገው ዘጉላት። እግሮቿን ግን አታንቀሳቅስም። አማቴ ‹መግሪብ ላይ እየወጣሽ ነው› ይሉኛል። ጎረቤት ‹ዓይን ነው› ይላል። እርስዎ ይንገሩኝ፤ የየትኛው ወንጀሌ ነው?»

እኔም ሰዓቴን እያየሁ መለስኩላት፦ «እህቴ፣ ሶብር አድርጊ። አላህ የሚወደውን ይፈትናል። ኢስቲግፋር አብዢ።»

እሷም «ጀዛከላህ ኸይር» ብላ ሄደች።

ያልኳት ሁሉ ለየብቻው ሲታይ ትክክል ነው። ሶብር ታላቅ ዒባዳ ነው፤ አላህ ባሮቹን ይፈትናል፤ ኢስቲግፋርን ያበዛ አይከስርም። እሷ በጠየቀችኝ ጥያቄ ላይ ሲያርፍ ግን ሌላ ትርጉም ያዘ። «የየትኛው ወንጀሌ ነው?» ላለች እናት «ኢስቲግፋር አብዢ» ብሎ መመለስ «አዎ፣ የወንጀልሽ ነው» እንደ ማለት ነው። እንደዚያ ሰምታኝ ነበር የሄደችው።

የበለጠ የሚያሳፍረኝ ሌላው ነገር ነው። እኔ ከመድረሳ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ባዮሎጂ ነው ያጠናሁት። የዚያች ሕፃን ወገብ ለምን ክፍት እንደሆነ ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም ተፈትኜበታለሁ። መልሱን እያወቅኩ ነበር ዝም ያልኩት። ኪታቡን በአንድ ኪስ፣ የዩኒቨርሲቲውን ደብተር በሌላ ኪስ ይዤ ነበር የምኖረው፤ ሁለቱ ኪሶች ደግሞ አይገናኙም ነበር።

ዛሬ ኢንሻአላህ ያን ያልመለስኩትን መልስ እመልሳለሁ።

*ከራሳችን እንጀምር*

አሁን ይህን በምታነቡበት ሰዓት የራስ ቅላችሁ ውስጥ 1.3 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን አንጎል አለ። «ተቀምጧል» ከምንል «ተንሳፏል» ብንል ይሻላል። ዙሪያውን የከበበው ጥርት ያለ ፈሳሽ ክብደቱን ስለሚሸከምለት በራሱ ጭነት አይጨፈለቅም። ውስጡ 86 ቢሊዮን የሚያህሉ የነርቭ ሴሎች አሉ። ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆን ነው፤ አርፈን ስንቀመጥ ከምናቃጥለው ጉልበት ግን 20 በመቶ ያህሉን እሱ ይወስዳል።

ከአንጎል ሥር ህብለ ሰረሰር ይወርዳል። ርዝመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከትንሿ ጣታችን የማይወፍር ገመድ ነው ማለት ይቻላል። አላህ በአከርካሪ አጥንቶች ቀለበት ውስጥ አኑሮታል። ከእሱ 31 ጥንድ ነርቮች ግራና ቀኝ ይወጣሉ፤ 12 ጥንድ ደግሞ በቀጥታ ከአንጎል ይነሳሉ። ማየት፣ መስማት፣ መዋጥ፣ ፈገግ ማለት፣ መራመድ፣ ሽንት መያዝ፣ ሁሉም በእነዚህ መስመሮች ነው የሚያልፉት።

ለሱብሒ በጨለማ ስትነሱ የእግር ጣታችሁ ከበሩ ጋር ተጋጭቶ ያውቃል? መጋጨቱን ወዲያው ታውቃላችሁ፤ የሚያቃጥለው ሕመም ግን አፍታ ቆይቶ ይመጣል። በስብ ሽፋን የተጠቀለሉት ወፍራም ነርቮች መልእክትን በሰከንድ እስከ 100 ሜትርና ከዚያም በላይ ያደርሳሉ። ያን የቆየ ሕመም የሚያመላልሱት ሽፋን የሌላቸው ቀጫጭኖቹ ደግሞ በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዙት። ሱብሓነላህ! በአንዲት ጣት ላይ ፈጣን መንገድና ዝግተኛ መንገድ ጎን ለጎን ተዘርግተዋል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰው በ360 መገጣጠሚያዎች እንደተፈጠረ፣ ለእያንዳንዱም መገጣጠሚያ በየቀኑ ሶደቃ እንዳለበት፣ ሁለት ረከዓ የዱሓ ሶላትም ለዚህ እንደሚበቃ አስተምረውናል። ሐዲሦቹን ሙስሊም ዘግበዋቸዋል። መገጣጠሚያ በራሱ አይታጠፍም፤ የሚያዝዘው ነርቭ ያስፈልገዋል። ወደ ሱጁድ ስንወርድ ጉልበታችን፣ እጃችን፣ ግንባራችን በተራ መሬት ሲነኩ፣ ከኋላ በኩል ያለው ትንሹ አንጎል ሚዛናችንን እየጠበቀ ነው። አንድ ቀን እንኳ «ያ አላህ፣ ስለ ሚዛኔ አመሰግንሃለሁ» ብለን እናውቃለን?

*ከጤፍ ፍሬ እስከ ሩዝ ፍሬ*

አሁን ወደ ኋላ እንመለስ፤ ማናችንም ወደማናስታውሰው ቦታ።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሙእሚኑን ከአያህ 12 እስከ 14 የሰውን አፈጣጠር ደረጃ በደረጃ ይነግረናል። በሱረቱ ዙመር አያህ 6 ደግሞ በእናቶቻችን ማሕፀን፣ በሦስት ጨለማዎች ውስጥ፣ ከአንዱ አፈጣጠር ወደ ሌላው እያሸጋገረ እንደሚፈጥረን ያሳውቀናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። አንዳንዶቻችን አዲስ የሳይንስ ዜና በሰማን ቁጥር ሮጠን ከአያህ ጋር እናጣብቀዋለን። ቁርኣን ግን የባዮሎጂ መማሪያ መጽሐፍ አይደለም፤ ሳይንስም ነገ ሐሳቡን ሊያሻሽል ይችላል። ቁርኣን የሚለን «ተመልከቱ፣ አስተንትኑ» ነው። እኛም እንመልከት።

ከፅንሰት በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ጽንሱ ጠፍጣፋ ነው። መጠኑ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። ከላይ ካለው የሴሎች ንጣፍ መሐሉ ላይ አንድ ሰቅ ወፈር ይላል። ይህ የነርቭ ሥርዓት ሁሉ መነሻ ነው። ልብ በሉ፤ የቀረው ያው ንጣፍ ኋላ የቆዳችን ላይኛው ሽፋን ይሆናል። አንጎላችንና ቆዳችን ከአንድ ምንጣፍ ነው የተቆረጡት።

ከዚያ የሰቁ ሁለት ጠርዞች እንደ ምንጣፍ ጠርዝ ይነሳሉ። መሐሉ ጎድጓዳ ቦይ ይሆናል። ጠርዞቹ እየተጠጉ ይመጡና በ22ኛው ቀን ገደማ በአንገት አካባቢ ይገናኛሉ። ከዚያ ነጥብ ተነስቶ መዘጋቱ እንደ ዚፕ ወደ ላይና ወደ ታች ይቀጥላል። የላይኛው ጫፍ በ25ኛው ቀን ገደማ፣ የታችኛው ጫፍ በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ጽንሱ ከአንድ የሩዝ ፍሬ አይበልጥም።

የተዘጋው ቱቦ የላይኛው ክፍል ሦስት ቦታ ያብጣል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ አምስት ይሆናል፤ ከእነዚህም አንጎል ይሠራል። የታችኛው ክፍል ህብለ ሰረሰር ይሆናል። የቱቦው ክፍተት እንኳ አይባክንም፤ ዛሬም በአንጎላችን መሐል ፈሳሹ የሚገኝባቸው ጓዳዎች የዚያ ክፍተት ቅሪቶች ናቸው።

ቱቦው ሲዘጋ ደግሞ ከጠርዞቹ ላይ አንዳንድ ሴሎች ተነጥለው ጉዞ ይጀምራሉ። እነዚህን ሳስብ ሁልጊዜ ሙሃጂሮች ትዝ ይሉኛል፤ የተወለዱበትን ቦታ ትተው ሌላ ቦታ ያቀናሉ። ከፊሎቹ አንጀት ውስጥ ገብተው ምግብ የሚገፋውን የነርቭ መረብ ይሠራሉ። ከፊሎቹ የፊታችን አጥንቶች ይሆናሉ። ከፊሎቹ ደግሞ ወደ ቆዳ ሄደው ቀለማችንን የሚሰጡ ሴሎች ይሆናሉ። ወንድሜ፣ አንዱን በጥቁረቱ፣ ሌላውን በቅላቱ ስትለይ፣ ያ ቀለም ያው የነርቭ ሴሎች ዘመድ መሆኑን አስታውስ።

አንጎል ውስጥ ያለው ጉዞም ይቀጥላል። አዳዲስ የነርቭ ሴሎች ከውስጥ ጓዳው አጠገብ ይወለዱና እንደ ገመድ የተዘረጉ ሴሎችን ይዘው ወደ ላይኛው የአንጎል ሽፋን ይወጣሉ። ኋላ የተወለዱት ቀድመው የደረሱትን አልፈው ከላያቸው ይሰፍራሉ። ከመጠን በላይ የተፈጠሩ ብዙ ሴሎች ደግሞ ሥራቸውን ሳይጀምሩ ይሞታሉ፤ የቀሩት ቦታቸውን ይይዛሉ። የነርቮቹ የስብ ሽፋን ከተወለድን በኋላም ለዓመታት ይቀጥላል። ሕፃን እንደ ተወለደ የማይሄደው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አላህ በሱረቱ ነሕል አያህ 78 ከእናቶቻችን ሆድ ምንም ሳናውቅ እንዳወጣን፣ መስሚያን፣ ማያዎችንና ልቦችንም እንድናመሰግን እንደሰጠን ይነግረናል።

*ዚፑ ሳይዘጋ ሲቀር*

አሁን ወደዚያች እህት እንመለስ።

የቱቦው የላይኛው ጫፍ ሳይዘጋ ከቀረ አንጎል በወጉ አይሠራም፤ እንዲህ ያለ ጽንስ በሕይወት አይቆይም። የታችኛው ሳይዘጋ ከቀረ ደግሞ ሕፃኑ ወገቡ ላይ ክፍት ሆኖ ይወለዳል። ሐኪሞች ስፓይና ባይፊዳ ይሉታል። ወደ እግርና ወደ ሽንት ፊኛ የሚሄዱት ነርቮች ስለሚጎዱ መራመድና ሽንት መያዝ ሊያስቸግር ይችላል። ብዙ ጊዜም ጭንቅላት ውስጥ ውሃ መከማቸት አብሮት ይመጣል። ያቺ ሕፃን የገጠማት ይህ ነው።

እስቲ ቀኖቹን ቁጠሩ። ቱቦው የሚዘጋው በ28ኛው ቀን ገደማ ነው። አንዲት ሴት የወር አበባዋ የሚቀርባት ከፅንሰቱ ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። «ትንሽ ዘገየብኝ» እያለች ስትጠብቅ፣ ገና ለባሏ እንኳ ሳትነግር፣ ነገሩ አልቋል። ያቺ እናት መግሪብ ላይ ወጣች የተባለችው ሆዷ ከገፋ በኋላ ነው፤ የልጅቱ ወገብ ግን ከዚያ ከወራት በፊት ተወስኖ ነበር።

ከምክንያቶቹ አንዱን ደግሞ እናውቀዋለን። ፎሊክ አሲድ የተባለ ቫይታሚን ነው። እነዚያ ሴሎች በፍጥነት ሲባዙ ይህን ቫይታሚን አጥብቀው ይፈልጋሉ። በ1991 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ7 አገሮች ባሉ 33 ማዕከላት ያካሄደው ጥናት ይፋ ሆነ። ቀድሞ እንዲህ ያለ እርግዝና የገጠማቸው እናቶች ከማርገዛቸው በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ፣ ችግሩ የመደገም ዕድሉ በ72 በመቶ ቀነሰ። የዓለም ጤና ድርጅትም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሁሉ በቀን 400 ማይክሮ ግራም፣ ከማርገዟ በፊት ጀምራ እስከ 12ኛው ሳምንት እንድትወስድ ይመክራል። በ2023 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ጉባኤ አገሮች ምግብን በእንዲህ ያሉ ንጥረ ነገሮች እንዲያበለጽጉ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳልፏል።

እኛ አገር ብዙ እናቶች ክትትል የሚጀምሩት ከሦስተኛው ወር በኋላ ነው። ያኔ የሚሰጣት ክኒን ለደሟ ይጠቅማታል፤ ለቱቦው ግን ጊዜው አልፏል።

ነገር ግን አደራ፤ አንዱን ወቀሳ በሌላ ወቀሳ እንዳንተካው። «ክኒኑን ስላልወሰድሽ ነው» ማለትም በደል ነው። ማንም ያልነገራትን ነገር እንዴት ታድርገው? ደግሞም ፎሊክ አሲድ ብቻውን አይደለም፤ ከቤተሰብ የሚወረስ ዝንባሌ፣ ያልተስተካከለ የስኳር ሕመም፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም ድርሻ አላቸው። ሁሉን ጠንቅቃ አድርጋም የሚገጥማት እናት አለች። እዚያ ላይ ቀደር ይቀራል፤ ሶብርም ቦታው እዚያ ነው።

*ፀሐይ የጨለመችበት ቀን*

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ጨለመች። ሰዎች «ለኢብራሂም ሞት ነው የጨለመችው» አሉ። አስቡት፤ አባት ልጁን ቀብሯል፣ ሰዎችም ሰማይ አብሮት እንዳዘነ ይነግሩታል። ዝም ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። እሳቸው ግን ተነስተው ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ምልክቶች እንደሆኑ፣ ለማንም ሞት ወይም መወለድ እንደማይጨልሙ አስተማሩ። ሐዲሡን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

ይህን ሐዲሥ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! በሐዘናቸው ሰዓት እንኳ የሐሰት ምክንያት ሲነገር ዝም አላሉም። እኔ በሰው ሐዘን፣ ያውም ቸኩዬ ስለነበር ብቻ፣ ዝም አልኩ። ያቺ እናት ከቤቷ የሐሰት ምክንያት ይዛ መጣች፤ እኔ ደግሞ ማኅተም መትቼ መለስኳት።

በዚያ ላይ አንድም ነፍስ የሌላዋን ሸክም እንደማትሸከም አላህ በሱረቱል አንዓም አያህ 164 ነግሮናል። ሕፃን በእናቷ ወንጀል አትጠየቅም። ይህን ለመናገር ደግሞ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም ነበር።

ከዓመት በላይ ቆይቶ በባለቤቴ በኩል ቤቷን አፈላልጌ ከባለቤቴ ጋር ሄድን። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳት። ቀኖቹን በጣቷ ቆጠረቻቸው። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ቀና ብላ «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። «አፉ በይኝ» አልኳት።

«አላህ አፉ ይበልዎት» አለችኝ። «ለሌሎቹ ይንገሩ።»

*ስለዚህ እነግራለሁ*

ኒካሕ የምታስሩ ኢማሞችና ኡስታዞች፦ ስለ መህር፣ ስለ ሐቅ እንናገራለን። ከዚያው ጋር አንድ ዓረፍተ ነገር እንጨምር፤ «ልጅ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና ስለ ፎሊክ አሲድ ጠይቁ።» ደቂቃ አይፈጅም።

ባሎች፦ ለሠርግ ስንት ወጪ ታወጣላችሁ! ይህ ክኒን ውድ አይደለም። «ተወኩል ይበቃኛል» አትበሉ። ግመሉን ልሰር ወይስ ልመካ ብሎ ለጠየቃቸው ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ እንዲያስር ነው ያዘዙት። አስባብ ማድረግ ራሱ ከተወኩል ነው።

እህቶች፦ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ጎመን ይህ ቫይታሚን አላቸው፤ ብዙ ሲበስሉ ግን ይቀንስባቸዋል፤ ስለዚህ ምግብ የክኒኑን ቦታ አይተካም። ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች፣ የስኳር ሕመም ያለባት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ፣ ሳታረግዝ በፊት ሐኪም ታማክር፤ መጠኑ ለእሷ ይለያልና። መድኃኒቷን ግን በራሷ ፈቃድ አታቋርጥ።

ጎረቤቶችና አማቶች፦ የታመመ ልጅ ስትጠይቁ ዱዓችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ ግምታችሁን በር ላይ ትታችሁ።

መስጂድ የምታስተዳድሩ፦ ዓይነ ስውሩን ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱምን አስታውሱ። በእሱ ምክንያት የሱረቱ ዐበሰ መጀመሪያ ወረደ፤ እሱም የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሙአዚን ሆነ። እኛ ግን ተሽከርካሪ ወንበር የማያስገባ ደረጃ ሠርተን «የአላህ ቤት ለሁሉ ክፍት ነው» እንላለን። ሽንቱን መያዝ የማይችል ሰውም ዑዝር አለው፤ ሸሪዓው መንገድ አበጅቶለታል፤ ዓሊሞችን ይጠይቅ እንጂ ከሶላት አይራቅ።

ያቺ ሕፃን ዛሬ ሦስት ዓመት አልፏታል። ክንዶቿ ጠንካሮች ናቸው፤ በእጆቿ እየተሳበች የፈለገችበት ትደርሳለች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እናቷ ወደ መድረሳችን ታመጣታለች። መግቢያችን ላይ ሦስት ደረጃዎች ነበሩ። ባለፈው ወር ደረሶች ሲሚንቶና አሸዋ አዋጥተው በጎኑ ዝቅ ያለ መንገድ ሠሩ። አሊፍን ከባእ ገና አትለይም፤ ድምፅዋ ግን ከሁሉም ይበልጣል።

ያ አላህ፣ ሳናውቅ በጨለማ ውስጥ ለዘጋህልን ጀርባ ምስጋና ይገባህ። ላልተዘጋላቸው ልጆችህ እጅና እግር አድርገን። እናቶቻቸውን ከምላሳችን ጠብቅ። ዒልማችንን በሁለት ኪስ ከመያዝ ጠብቀን። ያላመሰገንንባቸውን ቀናት፣ ዝም ያልንባቸውንም ሰዓታት አፉ በለን። አሚን።

መልካም ጁምዓ። ሱረቱል ከህፍን አትርሱ፤ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይም ሶለዋት አብዙ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።